ስምንተኛው ቅጠል

የኪሮሽ እጅ ጠብቋል። አክስቷ ይህን ያወቀችው በዓይኗ አይደለም፤ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን የብርጭቆ ማስቀመጫ ዳንቴሎች አንድ በአንድ እያነሳች ዳር ዳራቸውን በአውራ ጣቷ ስትዳስስ ነው። ዝርግ መሆን የነበረበት ክብ መሀሉ ጎድጉዶ፣ ዳሩ ወደ ላይ ተሰብስቦ አገኘችው።

«ይኼ ብርጭቆ ይቀመጥበታል ወይስ ሾርባ ይጠጣበታል?» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኪሮሽ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ አንገቷን እንደደፋች ቀረች። ክር ሲወጠር ዳንቴል እንደሚሰበሰብ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ የከፋው ሰው ሳይታወቀው ክሩን ይጎትታል። አክስቷ የክሩን ጫፍ ፈልጋ ያዘችና ሳብ ሳብ አደረገችው፤ የጠዋቱ ሥራ በሙሉ ጭኗ ላይ የተጨማደደ ክር ሆኖ ቀረ። ቁጣ የለ፣ ወቀሳ የለ። በዚህች ቤት የተበላሸ ነገር ተፈትቶ እንደገና ይሠራል፣ አለቀ።

ኪሮሽ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። ቀጭን ናት፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ስትሄድ ኪሮሽ የሚባለው ያ ጫፉ የታጠፈ የዳንቴል መሥሪያ ብረት ቁርጥ እሷን ይመስላል። እናትና አባቷን በልጅነቷ ያጣች ናት። ያሳደገቻት ይህችው የእናቷ እህት ስትሆን፣ ያሳደገቻትም በዚሁ ክር ነው። ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ሁለት ወንበር ተቀምጦ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። ብርሃኑ የሚበዛበትን ወንበር ድሮ አክስት ትይዘው ነበር፤ አሁን ለልጅቷ ለቃላታለች፤ ለእሷ ብርሃኑም ጥላውም አንድ ሆኗልና።

ታዲያ እጇ ለምን ጠበቀ? እሷ ለማንም አትናገርም፤ እኔ ልንገራችሁ። እነዚህ ነጫጭ ዳንቴሎች የሠርግ ትእዛዝ ናቸው። በእያንዳንዱ እንግዳ ብርጭቆ ሥር አንድ አንድ ይነጠፋል። ሙሽራው ደግሞ ኪሮሽ የምትወደው ሰው ነው።

ሙሽራው የጥርስ ሐኪም ነው። እኔ በበኩሌ በጥርስ ሐኪም ፍቅር የተያዘ ሰው አይቼ አላውቅም። አፍን አስከፍቶ ጥያቄ የሚጠይቅ፣ መልሱን ግን የማይጠብቅ ሰው ምኑ ይወደዳል? ይኼኛው ግን ይጠብቃል። አክስት መንጋጋዋ አብጦ ወደ ክሊኒኩ የሄደች ጊዜ፣ አንድ ነገር ጠይቋት እጁን ከአፏ አውጥቶ፣ እስክትመልስ ድረስ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ኪሮሽ ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችው።

አክስቷ አፏን ተጉመጥምጣ ብርጭቆውን ብረት ሳህኑ ላይ ባስቀመጠች ቁጥር ቀጭ ይል ነበር፤ ቀጭ ባለ ቁጥርም ትደነግጣለች። ኪሮሽ ከቦርሳዋ አንድ የብርጭቆ ዳንቴል አውጥታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ከብርጭቆው ሥር ሸጎጠችው። በሌላ ቀጠሮ ሲመለሱ ዳንቴሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ለምን እንዳላነሳው ስትጠይቀው፣ ታካሚዎቹ ከመርፌው ይልቅ ያን ድምፅ ይፈሩ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደማይሰማ ነገራት። ይህን ሲላት ዓይኖቿን እያየ ነበር። ከዚያ በኋላ የአክስት ጥርስ ከሚያስፈልገው በላይ ተመረመረ።

እናቱ የመጋረጃ፣ የአልጋ ልብስና የቤት ጌጥ ትልቅ ሱቅ አላት። የሁለቱን ሴቶች ዳንቴል እንድትረከብ ያግባባት ልጇ ነው፤ እሷም ሥራቸውን ወደደችው። የልጇ ዓይን ወዴት እንደሚያይ የገባት ቀን ግን ነገሩን በአጭሩ ቆረጠችው። ዳንቴሏን እገዛለሁ፣ ልጄን ግን ለዳንቴል ሠሪ አልድርም አለች። የሚሠራበትን ክሊኒክ ባለቤት ልጅ አስባለት ነበር፤ የተማረች፣ ጨዋ፣ ከነቤተሰቧ የምታውቃት።

እሱ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ኪሮሽን ከሱቁ ሲሸኛት መንገድ ላይ አቁሞ እንድታገባው ጠየቃት። እናቴ ትጮሃለች፣ እኔ ደግሞ ጩኸት የለመድኩ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ነው አላት። አክስቷንም ይዛት መምጣት እንደምትችል፣ ብርሃን የሚገባበት ክፍል እንደሚያዘጋጅላት ነገራት። ኪሮሽ ደስ አላት፤ ከደስታው በላይ ግን አክስቷን ከዚያች ወንበር መንቀል ፈራች።

«አፌ አይታዘዘኝም» አለችው በመጨረሻ። «እጄ ይንገርህ።»

ስምምነታቸው ይህ ነበር። ወደ ሱቁ የሚሄዱት ዳንቴሎች ስድስት ስድስት ሆነው ይታሰራሉ፤ የሁሉም አበባ ስምንት ቅጠል አለው። በሚቀጥለው እሥር ውስጥ አንዱ ሰባት ቅጠል ሆኖ ከመጣ እሺ ማለቷ ነው፤ እሱም መጥቶ አክስቷን ያነጋግራል። ሁሉም ስምንት ከሆኑ ግን አክስቷን መርጣለች ማለት ነው። ያን ጊዜ እንዳይመጣ፣ ለምን ብሎም እንዳይጠይቃት አስማለችው። ፊት ለፊቷ ቆሞ ለምን ቢላት እንደማትችለው ታውቃለችና። እሱም ማለላት።

ኪሮሽ ሰባት ቅጠል ሠራች። ስምንት ቅጠል እንዲኖረው የተጀመረ አበባ ሰባት ሆኖ ዝርግ እንዲል ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቅጠል ትንሽ ሰፋ፣ ትንሽ ላላ ማድረግ ይጠይቃል። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት ክር ይዛ አታውቅም። ከአምስቱ ጋር ቀላቀለችው፤ ዳንቴሉ እንዲደነድን የሚነከርበት አሚዶ ሊያልቅ ስለቀረበ ልትገዛ ወጣች፤ ስትመለስ አክስቷ ስድስቱንም በቀረው አሚዶ ነክራ ሰሌዳው ላይ በስፒል ወጥራ ጠበቀቻት። በማግስቱ እሥሩ፣ ኪሮሽ ደግማ ሳትቆጥረው፣ ወደ ሱቁ ሄደ።

እሱ አልመጣም።

ኪሮሽ በር በተንኳኳ ቁጥር ፀጉሯን ታስተካክል ነበር። ቆይቶ ማስተካከሉን ተወችው። እናቱ አሸንፋለች ብላ ደመደመች። እሺ ብላ የተተወች ሴት ደግሞ ለምን ተውከኝ ብላ ትለምን? ኩራት የሚባል ነገር አለ፤ ያላት ሀብት እሱ ብቻ ነበር። ወራት አለፉ፤ ከዚያ ባለሱቋ በደስታ ተውጣ የሠርጉን ትእዛዝ ሰጠች። አክስት እልል ማለት ነው የቀራት። ኪሮሽም ሥራዋን ጀመረች፣ እጇም ጠበቀ።

*

የመጀመሪያውን የሠርግ እሥር ለማስረከብ ሱቁ ስትደርስ ባለሱቋ ወጥታ ነበር። ሐኪሙ ልጇ ብቻውን ከኋለኛው ክፍል፣ ከተጠቀለሉት የመጋረጃ ጨርቆች መሀል ቆሟል። ሁለቱም ሰላምታ ረሱ። እሱ ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶታል። ይህን ማየቷ አበሳጫት። ሙሽራ ሰው እንዴት ይከሳል?

እሥሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልትወጣ ስትል መንገዷን አልዘጋም፤ ድምፁ ግን አስቆማት።

«ለምን ብዬ እንዳልጠይቅሽ ምዬልሽ ነበር። አሁን ከተፈራረምን በኋላ ግን መሐላው ለማንም አይጠቅምም መሰለኝ።»

«ተፈራረማችሁ?»

«ባለፈው ሳምንት። የቀረው ድግሱ ነው።»

ኪሮሽ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሷም ሳትነግር አንድ ነገር ተስፋ ታደርግ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

«ታዲያ ምን ልትጠይቀኝ ነው?»

«ለምን እምቢ አልሽኝ? አክስትሽ ከእኛ ጋር ትኖራለች አልኩሽ። ሌላ ምን ማለት ነበረብኝ? እሱን ብቻ ንገሪኝና ልረፍ።»

መጀመሪያ የምትሰማው ነገር ትርጉም አልሰጣትም። ቀጥሎ ንዴት መጣ።

«እኔ ነኝ እምቢ ያልኩህ? በገዛ እጄ ሰባት ቅጠል ሠርቼ ልኬልህ፣ በር በሩን ሳይ ከርሜ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩህ?»

እሱ ለረጅም ጊዜ አያት። ያ ዓይን ቁጣ ቢኖርበት ትችለው ነበር። የነበረበት ግን ሐዘኔታ ነው። ስድስቱንም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንደቆጠራቸው፣ በጣቱ ቆጥሮ አላምን ሲል በእርሳስ ጫፍ እንደደገመ፣ ሁሉም ስምንት ስምንት እንደነበሩ ነገራት። እናቱ እንዳትሸጣቸውም ወደ ቤቱ ወስዷቸዋል።

«አዝነሽልኝ ነው እንዲህ የምትይው» አላት ቀስ ብሎ። «እንዳትዋሺልኝ ኪሮሽ። እምቢ ማለት መብትሽ ነበር። ይኼ ግን ይብስብኛል።»

«ደህና» አለች። «እንግዲያው ቤትህ ግባና እንደገና ቁጠራቸው። ቁጥር ካቃተህ ሚስትህ ትርዳህ።»

ወጥታ ሄደች። መንገዱን እንዴት እንዳቋረጠች አታውቅም። እሱን ማጣቷን ለብዙ ጊዜ ተለማምዳዋለች፤ እንደምንም ትሸከመዋለች። ውሸታም ሆና በሐሳቡ መቅረቷን ግን የት ታድርገው? አንድ ጊዜ ብቻ ልቧን ዘርግታ አሳይታ ነበር፤ እሱንም አላየሁም አላት።

*

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አክስት አሚዶውን በጥብጣ፣ ዳንቴሎቹን እየነከረች ለኪሮሽ ታቀብላለች፤ ኪሮሽ ሰሌዳው ላይ በስፒል ትወጥራለች። በሩ ተንኳኳ። ኪሮሽ ከፈተች፤ ከፍታም ቆማ ቀረች።

«ማነው?» አለች አክስት።

«እኔ ነኝ እማማ» አለ ሐኪሙ። በእጁ ስድስት ዳንቴሎች በክር ታስረው ይታያሉ።

አክስት በድምፁ አወቀችው፤ ተነሥታ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ወንበር ይሰጠው ብላ ኪሮሽን ተቆጣች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። የሱቁ ባለቤት ልጅ በሠርጉ ሰሞን እዚህ ድረስ የሚመጣው ለምን ይሆናል? እሥሩን ጉልበቷ ላይ ሲያስቀምጥላትና በጣቷ ስትነካው የፈራችው ነገር የደረሰ መሰላት።

«ጉድለት ተገኘበት?» አለች። «እመቤቲቱ ናቸው የላኩዎት?»

እሱ ማንም እንዳልላከው፣ ጉድለትም እንደሌለበት ነገራት። ሌሊቱን እንዳልተኛ ከዓይኑ ያስታውቃል። ኪሮሽን አላያትም፤ ቢያያት የሚናገረው የሚጠፋው መሰለው።

«አንድ ነገር ብቻ ላረጋግጥ ነው የመጣሁት፤ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ስድስቱም የተሠሩት በእሷ እጅ ነው?»

አክስት እሥሩን ፈታች። አንዱን አነሳች፣ ዳሰሰች፣ አስቀመጠች። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ አውራ ጣቷ ዳሩን ሁለት ጊዜ ዞረና ቆመ። ኪሮሽ ከመስኮቱ ሥር ሆና ያንን ጣት ታያለች። ገና ምንም አልተነገረም፤ እሷ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«አልዋሽዎትም ዶክተር» አለች አክስት። «ይቺ አንዷ የኔ እጅ ናት። የልጄ እጅ ጠበቅ ይላል፣ የኔ ላላ ይላል፤ ሌላ ሰው አይለየውም፣ እኔ ግን እለየዋለሁ። ልጅ አይደለች? ተሳስታ ነበር። አንድ ቅጠል ጎድሎባት አበባው ሰባት ሆኖ አገኘሁት። እንዴት አድርጋ ዝርግ እንዳደረገችው እንጃ፣ ግን ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ሥራ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። አሚዶ ልትገዛ ወጣ ስትል ፈታሁና በልኩ ሠራሁት።»

አክስት ዝምታውን ወቀሳ አድርጋ ወሰደችው፤ ልጅቷን ለማዳን ቸኮለች።

«ለሷም አልነገርኳት። ይኼን ያህል ዓመት ሠርታ ቆጠራ ተሳሳተች ብላ እንዳታፍር ብዬ ነው። ስምንተኛዋን ቅጠል ስጨርስማ ጸለይኩላት። እኔ የዚችን አበባ ጉድለት እንደሞላሁ፣ አንተ ደግሞ የልጄን ሕይወት ሙላላት አልኩት። እርስዎም እንዳይቀየሟት።»

ኪሮሽ አፏን በመዳፏ ያዘች። መጮህ ፈልጋ ነበር። አክስቴ ምን አደረግሽ ልትል፣ ያንን እጅ ይዛ ልትነቀንቅ ነበር፤ አክስቷ እንዳትሰማት ግን መዳፏን ከአፏ አላነሳችም። ሐኪሙ አመድ መስሎ ቆሟል። ዓይኖቹ አሁን እሷ ላይ ናቸው፤ ትናንት ያላመኗት ዓይኖች። ለምኖ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ አያይም፤ የገዛ ቤቱ ሲቃጠል የሚያይ ሰው ነው እንዲህ የሚያይ።

ከዚያ ጎንበስ አለና የአሮጊቷን እጅ ያዘ። አሚዶው ገና አልደረቀባትም።

«ጉድለት የለበትም እማማ» አላት። «ቆንጆ ሥራ ነው። እጅዎ ይባረክ።»

የአክስት ፊት በራ። እሱን እርስዎ ማለቱንም ረሳችው።

«አሜን ልጄ፤ አንተም ተባረክ። ትዳርህ ይባረክ።»

*

ኪሮሽ ልትሸኘው እስከ ውጭው በር ወጣች። ከግቢው ማዶ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ሁለቱም ሲያልፉ ጨዋታ እንደያዘ ሰው ለመምሰል ሞከሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ መሞከሩ አቃታቸው።

«አላመንኩሽም» አላት። «እሱን ይቅር በይኝ። ሌላውን ይቅር ባትይኝም።»

«አንተ ቆጠርክ፣ እኔ ሠራሁ፣ እሷ አስተካከለች። ማንን ልቆጣ? የምቆጣው ሰው እንኳ አጣሁ።»

«ልመለስ። ሄጄ ሁሉንም ልንገራቸው። ፊርማ እኮ ይፈርሳል።»

ይህን ሲል ልቧ ዘለለ፤ አልዋሻችሁም፣ ዘለለ። ለአንድ አፍታ ሁሉንም አየችው፤ ብርሃን የሚገባበትን ክፍል፣ ሦስት ሰው የሚበላበትን ጠረጴዛ። ከዚያ መጠየቅ ያልነበረባትን ጠየቀች።

«ጥሩ ሰው ናት?»

ክፉ ናት ቢላት፣ ኩሩ ናት ቢላት፣ አትወደኝም ቢላት ምንኛ በወደደች። ሐኪሙ ግን አልዋሻትም።

«ጥሩ ሰው ናት» አለ። «ምንም አላጠፋችም።»

«ሂድ እንግዲያው።»

«ኪሮሽ።»

«ሂድ። ቆመህ ካየኸኝ እሺ እላለሁ፤ እሺ ካልኩ ደግሞ እሷም እንደኔ በር በሩን ስታይ ትኖራለች። ይኼን ለማንም አልመኝም።»

ለአክስቷ ትነግራት እንደሆነ ጠየቃት። ኪሮሽ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ያቺ ሴት ዓይኗን ለክር ሰጥታለች፤ የቀራት በእጇ መታመን ብቻ ነው። ያ እጅ ምን እንደሠራ ብታውቅ ከዚያች ቀን ወዲያ ክር አትነካም፤ ክር ካልነካች ደግሞ አትኖርም። ይህን ሁሉ ለእሱ መዘርዘር አላስፈለጋትም። ገብቶታል። እጁን ወደ ፊቷ ዘረጋ፤ ሳይነካት መለሰው፤ የሌላ ሰው እጅ መሆኑን ያስታወሰ መሰለ። መንገዱን ይዞ ሄደ። ኪሮሽ ከማዕዘኑ ዞሮ እስኪጠፋ ቆመች፤ ከጠፋ በኋላም ቆመች። ልብስ የምታሰጣዋ ሴት ምነው ደህና አይደለሽም እንዴ ስትላት ነው የነቃችው። ደህና ነኝ አለቻት። ሰው እንዲህ ሲሆን ሌላ ምን ይላል?

ቤት ስትገባ አክስቷ ደስታ በደስታ ሆናለች። ዳንቴል እየነከረች ለራሷ ታዜማለች። እንዲህ ያለ ትሑት ልጅ አይታ እንደማታውቅ፣ ሐኪም ሆኖ የድሃ እጅ ጎንበስ ብሎ መያዙን፣ አንዲት ዳንቴል በማን እጅ እንደተሠራች ለማወቅ ብሎ እዚህ ድረስ መድከሙን ደጋግማ አወራች። የጠየቀው ለምን እንደሆነ ግን አላሰበችም፤ የሥራ ፍቅር መሰላት።

ኪሮሽ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል። ፊቷን መደበቅ አላስፈለጋትም፤ አክስቷ ያለቀሰን ፊት ካላለቀሰው መለየት ካቆመች ሰንብታለች።

«ያቺ የወሰደችው ልጅ ታድላ» አለች አክስት፣ እርጥቡን ዳንቴል እያቀበለቻት። «ላንቺም እንደሱ ያለውን ይስጥሽ።»

ኪሮሽ ዳንቴሉን ተቀበለች።

«አሜን በይ እንጂ።»

«አሜን» አለች።